ስንት ሰዓት መቆም ይችላሉ? ለዲሳቢሊቲ ይግባኝ ችሎት ስለ መዘጋጀት

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለብዙ ዓመታት አረጋውያን በሚኖሩበት ነርሲንግ ሆም በነርስ ረዳትነት ሠርቻለሁ። ሕመምተኛ ሳነሣ ወገቤ ከተጎዳ በኋላ በ2023 ሥራ አቆምኩ፤ ስኳርም ስላለብኝ እግሮቼ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ሌሊት ያቃጥሉኛል። ለዲሳቢሊቲ፣ ማለትም በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው ለሚሰጠው የመንግሥት ክፍያ፣ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ተከለከልኩ። አሁን ዳኛ ፊት በስልክ የምቀርብበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ቅጾቹን ሁሉ የሞላልኝ የእህቴ ልጅ ስለሆነ እሱ ያስተርጉምልኝ? ጠበቃ ብይዝ ገንዘቤን አይበላኝም? «እንግሊዝኛ አልችልም ካልሽ ይፈቀድልሻል፣ 12ኛ ክፍል መጨረስሽንም አትናገሪ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዳኛው ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ የተከበሩ እህታችን፤ ከጥያቄዎችዎ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ የሌሎቹ መልስ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ነውና። ለዳኛው የሚናገሩት እውነቱን ነው። ነገር ግን «ታምሜያለሁ፣ መሥራት አልችልም» የሚለው እውነት ብቻውን ዳኛው ሊወስኑበት የሚችሉት ነገር አይደለም። ሕጉ የሚያዛቸው በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት በሚሠራ ሥራ ላይ ስንት ሰዓት መቆም፣ ስንት ሰዓት መቀመጥና ምን ያህል ክብደት ማንሣት እንደሚችሉ ለይተው እንዲያስቀምጡ ነው። ስለዚህ እስከ ቀጠሮው ባለው ጊዜ የሚያደርጉት ዝግጅት ሁሉ ችግርዎን በደቂቃ፣ በሰዓትና በፓውንድ መግለጽ እንዲችሉ የሚያደርግ መሆን አለበት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው የመፈቀድና የመከልከል ድንበሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ ነው። ዲሳቢሊቲን የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሶሻል ሴኩሪቲ ዳኞች ማመልከቻን የሚመረምሩት በ5 ደረጃዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አሁን ጠቀም ያለ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት አለመሥራትዎን፣ ሕመምዎ ከባድና ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም የሚቆይ መሆኑን፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤቱ በዝርዝር ካሰፈራቸው እጅግ የከፉ ሕመሞች ጋር መስተካከሉን የሚመለከቱ ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው ግን በአራተኛውና በአምስተኛው ደረጃ ላይ ይመስለኛል። አራተኛው «ባለፉት 5 ዓመታት ይሠሩት ወደነበረው ሥራ መመለስ ይችላሉ?» የሚል ነው፤ ቀደም ሲል ወደ ኋላ የሚቆጠረው 15 ዓመት ነበር፤ በ2024 ወደ 5 ዝቅ ተደርጓል። የነርስ ረዳት ሥራ በመንግሥት የሥራ ምደባ አልፎ አልፎ እስከ 50 ፓውንድ የሚነሣበት መካከለኛ ሥራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ አልጋ የያዘ ሕመምተኛ ያገላበጠ ሰው ሁሉ ደግሞ እውነተኛው ክብደት ከዚያም እንደሚበልጥ ያውቃል። ዳኛው ስለ ሥራዎ ሲጠይቁ «አረጋውያን እንከባከብ ነበር» ብለው እንዳያልፉት። በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያሸጋግሩ፣ ማንሻ መሣሪያ ነበረ ወይስ በክንድዎ ያነሡ እንደነበር፣ ከፈረቃው ውስጥ ስንቱን ሰዓት በእግርዎ ላይ እንደሚያሳልፉ ይናገሩ።

አምስተኛው ደረጃ ዋናው ነው። እዚህ ላይ ዳኛው ዕድሜን፣ ትምህርትንና የሥራ ልምድን አጣምሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይመለከታሉ። ከ50 እስከ 54 ዓመት ያለ ሰው የሚችለው ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከ10 ፓውንድ በላይ ማንሣትና በቀን ከ2 ሰዓት ገደማ በላይ መቆም ወይም መሄድ የማይችል ከሆነ፣ የቀድሞ ሙያውም ወደ ወንበር ሥራ የሚሻገር ካልሆነ፣ ሠንጠረዡ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይፈቅዳል። ያው ሰው በቀን 6 ሰዓት ያህል መቆምና መሄድ፣ አልፎ አልፎ 20 ፓውንድ፣ ደጋግሞ ደግሞ 10 ፓውንድ ማንሣት ይችላል ከተባለ ግን፣ «ቀላል ሥራ» የሚባለውን መሥራት ይችላል ተብሎ ይከለከላል። ቀኑን ሙሉ መደብር ውስጥ ቆሞ መዋል ቀላል መባሉ ለእኔ ባይዋጥልኝም ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ መላው ጉዳይዎ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፤ በቀን 6 ሰዓት በእግርዎ መቆም ይችላሉ ወይስ አይችሉም?

ሰዎች ስለ እንግሊዝኛና ስለ 12ኛ ክፍል የሚሰጡዎትን ምክር በዚሁ ሚዛን እንየው። እንግሊዝኛ አለመቻል በሠንጠረዡ ላይ ለአንዳንድ አመልካቾች ይጠቅም የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ከሚያዝያ 2020 ማብቂያ ጀምሮ ግን ደንቡ ተሽሯል። አሁን የሚታየው የተማሩት የክፍል ደረጃ ነው፤ ትምህርቱ በውጭ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የተሰጠ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። 12ኛ ክፍል መጨረስዎን መደበቅ ደግሞ ከንቱ አደጋ ነው። ከላይ እንደገለጽኩት የሚችሉት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ብቻ ነው ከተባለና ከሥራዎ የሚሻገር ሙያ ከሌለ፣ 12ኛን ቢጨርሱም ባይጨርሱም ሠንጠረዡ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። በመሐላ በሚሰጥ ቃል ላይ ምንም የማይጠቅም ውሸት ጨምሮ መዝገብ ውስጥ ካለው ማመልከቻ ጋር መጋጨት፣ እውነተኛ የሆነውን የወገብ ሕመምዎንም አብሮ ያስጠረጥራል።

አሁን ወደ እኛ ሰው ትልቁ ችግር ልምጣ። እኛ ሐኪም ቤት ገብተን «እንዴት ነሽ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ይህ ምስጋና ነው፤ ነርሷ ግን በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ሕመምተኛዋ ደህና መሆኗን፣ ምንም ቅሬታ እንደሌላት ነው። ይህ አጻጻፍ ሁለት ዓመት ሲደጋገም፣ ከችሎቱ በፊት መዝገቡን አንብበው የሚመጡት ዳኛ ፊት ያለው ማስረጃ የዳነች ሴት ይመስላል። ስለዚህ ከችሎቱ በፊት በሚቀርዎት በእያንዳንዱ የሐኪም ቀጠሮ ያለውን ነገር ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ይናገሩ፤ ወገብዎ ስንት ደቂቃ ከቆሙ በኋላ እንደሚይዝዎት፣ እግርዎ በሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚከለክልዎት፣ መድኃኒቱ የሚያመጣብዎትን ድካም ወይም መፍዘዝ ይንገሯቸው። ዳኛው የቀድሞውን መዝገብ ጠቅሰው ከጠየቁዎትም ለሰላምታ የሰጡት መልስ መሆኑን በቀጥታ ያስረዱ። ኤም.አር.አይና የነርቭ ምርመራ ካለ የሰላምታውን ማስታወሻ ክብደት ይቀንሰዋልና፣ ውጤቶቹ መዝገቡ ውስጥ መግባታቸውን ያረጋግጡ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተትም እንዲሁ ይጎዳል። የእህትዎ ልጅ በቅጹ ላይ የጻፈውን አግኝተው በአማርኛ ያስነብቡት። ወጣቶች አክስታቸውን ለመርዳት ካላቸው ጉጉት «ምንም ማድረግ አትችልም» ብለው የሚሞሉት ብዙ ጊዜ ነው፤ የሐኪሙ ማስታወሻ ደግሞ መኪና እየነዱ ወደ ክሊኒክ እንደመጡ ወይም ለልጅዎ ሰርግ ድግስ ላይ እንደነበሩ ይናገር ይሆናል። ልዩነቱን ዳኛው ሳያገኙት እርስዎ ቢያገኙት ይሻላል። ቅጹ ላይ የተጋነነ ነገር ካለ ሲጠየቁ «እኔ በእጄ አልሞላሁትም፤ ትክክለኛው ይህ ነው» ብለው ያስተካክሉ።

የቤት ውስጥ ኑሮን የሚመለከቱ ጥያቄዎች መምጣታቸው የማይቀር ነው፤ ወጥመዱም እዚያ ነው። «ምግብ ያበስላሉ?» ሲባሉ «አዎ» ብቻ ብሎ መልስ መስጠት ያለ ዕረፍት ወጥ ቤት መቆም እንደሚችሉ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገሩ እንዳለ ይናገሩ፦ እንጀራ የሚጋግሩት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሆነ፣ ሊጡን የሚያነሣልዎት ልጅዎ ከሆነ፣ ሦስት አራት እንጀራ ጋግረው መተኛት ካስፈለገዎት፣ ያ ሁሉ መልሱ ውስጥ መግባት አለበት። «ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። የሚሄዱ ከሆነ ይሄዳሉ ይበሉ፤ ግን ቅዳሴውን በሙሉ ቆመው ነው ወይስ ወንበር ላይ፣ ከመጀመሪያው ነው ወይስ መጨረሻው ላይ ደርሰው የሚመለሱት የሚለውን አብረው ይግለጹ። ክብደትን በተመለከተ በቤትዎ ባሉ ነገሮች ይለኩ፤ አንድ ጋሎን ወተት ከ8 ፓውንድ ተኩል በላይ ነው፤ ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛው ትልቁ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 25 ፓውንድ ነው። «ወተቱን በሁለት እጄ አነሣዋለሁ፣ ጤፉን ከመኪና የሚያወርድልኝ ሌላ ሰው ነው» የሚል መልስ «ከባድ ነገር አልችልም» ከሚል መልስ እጅግ ይበልጣል። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ስንት ሰዓት ጋደም ብለው እንዳሳለፉ፣ በየትኛው ቀን ከቤት ጭራሽ እንዳልወጡ በደብተር ቢጽፉ፣ ለራስዎ የማስታወስ ኃይል ይሰጥዎታል።

ሕክምና ያቋረጡበት ጊዜ ካለ ምክንያቱን ይዘጋጁበት። ዳኛው ሕክምናው የተቋረጠው ሕመሙ ስለቀለለ ነው ብለው ከመደምደማቸው በፊት ምክንያቱን ማጤን አለባቸው፤ የኢንሹራንስ መቋረጥ፣ የመድኃኒት ዋጋ፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ተቀባይነት ሊኖራቸው የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው። ጠበል ገብተው መድኃኒት የተዉበት ጊዜ ካለም አይደብቁት፤ መቼ እንደሆነ፣ ሕመሙ በዚያ ጊዜ እንዴት እንደነበረና መቼ ወደ ሐኪም እንደተመለሱ ይናገሩ። በበኩሌ ጠበልን ከመድኃኒት ጋር አብሮ መውሰድ ለጤናዎም ለመዝገብዎም የተሻለ ነው እላለሁ።

ስለ ሐኪምዎ ደብዳቤ ሰዎች በጣም ይደክማሉ፤ የሚደክሙት ግን ብዙውን ጊዜ ለማይጠቅመው ዓይነት ደብዳቤ ነው። «ታካሚዬ ሥራ መሥራት አትችልም፤ ዲሳቢሊቲ ይገባታል» የሚል ወረቀት፣ ውሳኔው የዳኛው ስለሆነ፣ ዋጋ አይሰጠውም። ከመጋቢት 2017 ማብቂያ ወዲህ ለቀረቡ ማመልከቻዎች የሚያክምዎ ሐኪም ቃል ከሌላው ሐኪም ቃል በራሱ ይበልጣል የሚለው የቀድሞ ደንብም ቀርቷል፤ አሁን የሚመዘነው አስተያየቱ በሐኪሙ የራሱ ምርመራ መደገፉና ከቀረው መዝገብ ጋር መስማማቱ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን በ8 ሰዓት ውስጥ ስንት ሰዓት መቆም፣ መቀመጥና መሄድ እንደሚችሉ፣ ምን ያህል ፓውንድ እንደሚያነሡ፣ በቀኑ መካከል መጋደም ያስፈልግዎት እንደሆነ፣ በወር ስንት ቀን በሕመም ከሥራ ሊቀሩ እንደሚችሉ፣ እያንዳንዱንም ከምርመራው ውጤት ጋር አያይዞ እንዲጽፍ ይጠይቁት። ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ለምን እንደሚያስፈልግዎትና በምን ጊዜ መያዝ እንዳለብዎት በሐኪም መጻፍ አለበት፤ ከመድኃኒት መደብር በራስዎ የገዙት ምርኩዝ ያለዚያ ማስረጃ እምብዛም አይቆጠርም።

ማስረጃ የሚገባበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ችሎቱ ከመድረሱ ቢያንስ 5 የሥራ ቀናት በፊት ማስረጃዎን ሁሉ ማስገባት፣ ያልደረሰ ካለም የት እንዳለ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት። የቀጠሮው ደብዳቤ ቢያንስ ከ75 ቀን በፊት የሚላከውም ለዚሁ ነው። ከችሎት ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብዎን ቅጂ ጠይቀው የትኛው ክሊኒክ፣ የትኛው ዓመት እንደጎደለ ይፈትሹ።

ወደ አስተርጓሚው ልመለስ። የእህትዎ ልጅ አያስተርጉምልዎ። ሶሻል ሴኩሪቲ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ አማርኛ እንደሚፈልጉ አሁኑኑ ለችሎት ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ። የቅርብ ዘመድ ሳያስበው የራሱን ማብራሪያ ይጨምራል፤ እርስዎም በወንድ ልጅ ፊት አፍረው የማይናገሩት ነገር ይኖራል። የእህትዎ ልጅ የበለጠ የሚጠቅምዎት ዳኛው ከፈቀዱ ምስክር ቢሆን፣ በዓይኑ ያየውን ቢናገር ነው። አስተርጓሚ ከተመደበልዎት በኋላ አንዳንዱን በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ አይመልሱ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ፣ በአጭር በአጭሩ ይናገሩ። አስተርጓሚው አንድ ነገር ከሳተ ዝም አይበሉ፤ ወዲያው «መልሴ በትክክል አልተተረጎመም» ብለው ለዳኛው ይንገሩ፤ ችሎቱ በድምፅ ስለሚቀዳ ይህ መመዝገቡ ኋላ ይጠቅማል።

ጥቃቅን የሚመስሉ፣ የእኛን ሰው ግን ደጋግመው የሚያስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። «ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ያቃጥለኛል» ያሉት በአሜሪካ አቆጣጠር ከሌሊቱ 3 መሆኑ ቀርቶ ምሽት 9 ሰዓት ተብሎ ከተተረጎመ፣ የእንቅልፍ ማጣትዎ ታሪክ ይፈርሳል፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ይናገሩ። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ ትምህርት የጨረሱበት ዘመን ሲጠየቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመለሱ 7 ወይም 8 ዓመት ይሳሳታል። ሥራ ያቆሙበትን፣ የተጎዱበትንና የታከሙባቸውን ቀናት በፈረንጆች አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ።

በስልክ ስለሚሆነው ችሎት የራሴ አስተያየት ይኸው ነው። መቀመጥ ሲያቅትዎት የሚያደርጉትን መቁነጥነጥ፣ ምርኩዝዎን፣ የአረማመድዎን ሁኔታ ዳኛው በስልክ አያዩም። ቀን ከመቀጠሩ በፊት ችሎቱ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳውቅ ደብዳቤ ይላካል፤ ይህ ለማይመቸው ሰው ያ ደብዳቤ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ተቃውሞ አቅርቦ በአካል መቅረብ ይቻላል፤ ይህ ጊዜ ካላለፈብዎት ወገብዎ እንደሚጎዳዎት ሰው በአካል መቅረቡ የሚሻል ይመስለኛል። ካለፈ ግን አይጨነቁ፤ በንግግሩ መካከል መነሣት ሲያስፈልግዎት «ክቡር ዳኛ፣ አሁን መቆም አለብኝ» ብለው ቢናገሩ በመዝገቡ ላይ ይቀራል።

በችሎቱ ላይ ዳኛው፣ አስተርጓሚው፣ ድምፅ የሚቀዳው ሠራተኛና ስለ ሥራ ዓይነቶች ቃሉን የሚሰጥ የሥራ ባለሙያ የሚባል ሰው ይኖራሉ፤ አልፎ አልፎ የሕክምና ባለሙያም ይጨመራል። ሕዝብ አይገባበትም፤ እርስዎን ለመርታት የተቀመጠ የመንግሥት ጠበቃም የለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሰዓት በታች ያልቃል። ሰዎች ያልተዘጋጁበት ክፍል የሥራ ባለሙያው የሚናገርበት ነው። ዳኛው «በእነዚህ ዓመታት ዕድሜ፣ በዚህ ትምህርት ያለች፣ ይህን ያህል መቆም የምትችል ሴት የምትሠራው ሥራ አለ?» እያሉ የተለያዩ ሁኔታዎችን ያቀርባሉ፤ ባለሙያው በአንደኛው ሁኔታ አለ፣ በሌላኛው የለም ይላል። ወሳኙ ነገር ዳኛው ያላነሡት ገደብ ካለ መጠየቁ ነው፦ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ መቆም ባትችልስ፣ በቀኑ መካከል ብትጋደምስ፣ በወር ብዙ ቀን ብትቀርስ?

ጠበቃ ወይም ሕጋዊ ወኪል የሚያስፈልግዎት በዋናነት ለዚህ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ይያዙ። በተለመደው የክፍያ ስምምነት መሠረት ካልተፈቀደልዎት የአገልግሎት ዋጋ አይወስድም፤ ከተፈቀደ ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶውን፣ በኅዳር 2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ከተደረገው ጣሪያ ሳያልፍ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቀንሶ ይሰጠዋል። የሕክምና መዝገብ ማስወጫ የመሳሰለ ወጪ ለብቻው ሊጠየቁ ስለሚችሉ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በነጻ የሚቆሙ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶችም አሉ። እስከ ቀጠሮው ሰው ካላገኙ፣ ወኪል ለመፈለግ ጊዜ እንዲሰጥዎት ዳኛውን ይጠይቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ሳያስታውቁ መቅረት ግን ጉዳዩን ሊያዘጋ ይችላል።

ውሳኔው የሚመጣው በፖስታ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከተከለከሉ የዳኛውን ውሳኔ ለሚመረምረው የሶሻል ሴኩሪቲ ይግባኝ ምክር ቤት ለማመልከት ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ 60 ቀን አለዎት፤ ደብዳቤው በተጻፈ በ5ኛው ቀን እንደደረሰዎት ይቆጠራል። ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ ለችሎት ጽሕፈት ቤቱም፣ ለወኪልዎም ያሳውቁ፤ ፖስታው የሚመጣው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው።